የተሻላቸው ሰዎች ታሪክ ሲሰበሰብ ባለታሪኩ አይረሳ

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላል ያገራችን ሰው። ይኸው ሰው ዞር ይልና ደግሞ «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» ብሎ ያስጠነቅቃል። በሌላ ጉዳይ ቢሆን ሁለቱ ተረቶች ተቻችለው ይኖራሉ። ወደ አእምሮ ሕመም ሲመጣ ግን ፊት ለፊት ይጋጫሉ። ሕመሙን የደበቀ ሰው ሕክምና ሳያገኝ ዕድሜው ያልፋል፤ የተናገረ ሰው ደግሞ ቃሉ ከአፉ ከወጣ በኋላ ማን ዘንድ እንደሚደርስ፣ ማን ምን ብሎ እንደሚተረጉምበት አያውቅም።

ይህን ያነሳሁት ያለምክንያት አይደለም። በሠልጣኞችም ሆነ በአሠልጣኞች ዘንድ አንድ ሐሳብ ሲመላለስ ይሰማል። ከአእምሮ ሕመም አገግመው ወደ ሥራቸውና ወደ ኑሯቸው የተመለሱ ሰዎችን ታሪክ ከቂርቆስና ከካዛንቺስ አካባቢ እንሰብስብ፤ በጥራዝ አድርገን ቤተ መጻሕፍት እናስቀምጠው፤ ዕጩ መምህራን ይማሩበት፤ ነው የሚባለው። ሐሳቡ መልካም ነው፤ እኔም እደግፈዋለሁ። ይሁንና የሰው ታሪክ መሰብሰብ ለሳይንስ ትምህርት ቅጠል እየቀጠፉ በደብተር መሐል እንደ ማድረቅ አይደለም። ታሪክ ባለቤት አለው። በአማርኛችን «ባለታሪክ» የምንላት ቃል ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ትናገራለች፤ ታሪኩ የሚወራለትን ሰውና የታሪኩን ባለቤት። የዚህ ጽሑፍ ክርክርም በዚህች ቃል ውስጥ ያለ ነው። ስብስቡ ይዘጋጅ፤ ሰብሳቢው ግን አደራ ጠባቂ እንጂ ባለቤት አይሁን። ባለታሪኩ በፈለገ ጊዜ ታሪኩን መልሶ መውሰድ የማይችል ከሆነ፣ ስብስቡ ባይዘጋጅ ይሻላል።

ለምን ይሰበሰብ?

በመጀመሪያ ጥቅሙን እንይ። አዲስ አበባ ያደገ ልጅ «አማኑኤል» የሚለውን ስም ከሁለት ቦታ ያውቀዋል፤ አንዱ ከቤተ ክርስቲያን፣ ሁለተኛው ከስድብ። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቋቋመውና ለብዙ አሥርት ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ሆኖ የቆየው የአማኑኤል ሆስፒታል ስም በትምህርት ቤት ግቢ መሰዳደቢያ ሆኖ አርፎታል። «አንተኮ አማኑኤል ነው የሚገባህ!» ሲባል ያልሰማ መምህር ካለ እጁን ያውጣ። ስድቡን የሚወረውረው ልጅ እዚያ ገብቶ፣ ታክሞ፣ ወጥቶ ዛሬ ሥራውን የሚሠራ ሰው አያውቅም። ወይም ሰውየውን ያውቀዋል፤ ታሞ እንደነበረ ግን አያውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የታመመውን ሁላችንም መንገድ ላይ እናየዋለን። የተሻለው ግን ከሰው ተቀላቅሎ ስለሚሄድ አይታይም። ታክሲ ተሰልፎ፣ ዕድር ከፍሎ፣ ልጁን ትምህርት ቤት አድርሶ ሲመለስ ማን ይለየዋል? በዚህ የተነሳ የአእምሮ ሕመም በሕዝብ ዓይን መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ የሌለው ነገር ሆኖ ይቀራል። የማገገም ታሪክ ሲሰበሰብ ያ የማይታየው ክፍል ይታያል።

ሰዉ ለምን እንደሚደብቅ ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያሻም። በቡታጅራ አካባቢ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች ዘመዶች የሆኑ 178 ሰዎች ተጠይቀው ውጤቱ በ2001 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ከመቶው 75ቱ መገለል እንደ ተሰማቸው ተናግረዋል። 37 ከመቶው ደግሞ ዘመዳቸው መታመሙን መደበቅ ይሻሉ። ልብ በሉ፤ የተጠየቁት ታማሚዎቹ አይደሉም፤ ወንድምና እኅት፣ እናትና አባት፣ ባልና ሚስት ናቸው። መገለሉ ከታማሚው አልፎ ቤተሰቡን ይነካል ማለት ነው። በክፍላችን ውስጥ የቤት ሥራውን ሳይሠራ የመጣው ልጅ እናቱን ሲያስታምም አድሮ ይሆናል፤ ግን አይናገርም። መምህሩ ይህን ማሰብ የሚችለው እንዲህ ያለ ኑሮ ምን እንደሚመስል ከባለቤቱ አንደበት ሰምቶ ሲያውቅ ነው።

ታሪክ መስማት እውን ይጠቅማል ወይ? ይጠቅማል የሚል ማስረጃ አለ። የኖቲንግሃም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያሉበት የእንግሊዝ ቡድን ከ600 በላይ የማገገም ታሪኮችን በጽሑፍ፣ በድምፅና በምስል አሰባስቦ ነበር። 1,023 ሰዎች በተሳተፉበት ሙከራ፣ ታሪኮቹን ያገኙት ሰዎች ካላገኙት ይልቅ የኑሮ እርካታቸው በመጠኑ ተሻሽሎ መገኘቱን በ2024 እ.ኤ.አ. አሳትሟል። «በመጠኑ» የምትለዋን ቃል አጥብቄ እይዛታለሁ። ታሪክ ሐኪምንም መድኃኒትንም አይተካም፤ ብቻውን የቀረ ሰው ብቻውን እንዳልሆነ ያሳውቀዋል እንጂ። በ2010 እ.ኤ.አ. የታተመ የኦስትሪያ ጥናትም አለ። ሕይወቱን ሊያጠፋ አስቦ ሳያደርገው ክፉውን ቀን የተሻገረ ሰው ታሪክ በጋዜጣ ሲወጣ፣ ከዚያ በኋላ የዚህ ዓይነት ሞት ቁጥር የመቀነስ አዝማሚያ እንደሚያሳይ አስተውሏል። ድርጊቱን ደጋግሞ የሚያራግብ ዘገባ ደግሞ ከቁጥሩ መጨመር ጋር ተያይዞ ተገኝቷል። እንግዲህ ሁለቱም ታሪክ ናቸው፤ አመራረጡና አቀራረቡ ግን የሞትና የሕይወት ያህል ይለያያል። የሰብሳቢ ሥራ ከባድ ነው የምለው ለዚህ ነው።

«ዳነ» ስንል ምን ማለታችን ነው?

መቼም በአገራችን የመዳን ታሪክ አዲስ ነገር አይደለም። በጠበል ቦታም ሆነ በጸሎት ቤት ምስክርነት ይሰጣል። ቅርጹም የታወቀ ነው፤ ታመምኩ፣ ተሠቃየሁ፣ ታስሬ መጣሁ፣ ዳንኩ። «እግዜር ማረው» ይባላል፤ ሰሚው እልል ይላል። ይህ ቅርጽ ጉልበት አለው፤ ተስፋም ይሰጣል፤ የማቃልለው ሰው አይደለሁም። ነገር ግን ምስክርነት «ዳንኩ» ያላለውን ሰው ማስተናገጃ ቦታ የለውም። ብዙው ሰው የሚኖረው ደግሞ በ«ታመመ» እና በ«ዳነ» መካከል ነው። መድኃኒቱን በየቀኑ ይወስዳል፤ ሰባት ወር ደኅና ይሠራል፤ አንድ ወር ይከብደዋል፤ ተነሥቶ እንደገና ይሠራል። ይህ ሰው ታሪክ የለውም ልንል ነው?

ቋንቋችንንም እንታዘበው። ለመታመም የቃል ድህነት የለብንም፤ «አበደ»፣ «ነካው»፣ «ጨርቁን ጣለ»፣ «ለየለት» እንላለን። በተለይ «ለየለት» የምትለዋ ፋይሉን የምትዘጋ ቃል ናት፤ ካሁን ወዲያ ምንም አትጠብቁ ማለት ናት። ለመመለስ ካሉን ቃላት ውስጥ እኔ የምመርጠው «ተሻለው» የሚለውን ነው። «ተሻለው» አልጨረስኩም ይላል፤ ትናንትን ከዛሬ ጋር ያስተያያል፤ ነገንም ክፍት ይተዋል። በሰው ቤት ገብተን «ተሻለህ ወይ?» ስንል ተመስገን ብሎ የሚመልስልን ሰው ፈጽሞ ድኛለሁ ማለቱ አይደለም፤ ከሰው ጋር ነኝ ማለቱ ነው።

ለዚህ አንድ ትልቅ ምሳሌ ላምጣ። ክሊፎርድ ቢርስ የተባለ አሜሪካዊ ታሞ ከ1900 እስከ 1903 እ.ኤ.አ. በአእምሮ ሆስፒታሎች ቆየ። ከወጣ በኋላ የደረሰበትን ድብደባና እንግልት፣ እንዴት እንዳገገመም ጭምር ጽፎ በ1908 እ.ኤ.አ. አሳተመ። መጽሐፉ ብዙ ሰው አነቃ፤ በዓመቱ የአእምሮ ጤና አጠባበቅን የሚያራምድ ብሔራዊ ኮሚቴ በአሜሪካ ተመሠረተ፤ መሥራቹም እርሱ ራሱ ነበር። ይህ ሰው ወደ ሕይወቱ መጨረሻ እንደገና ታሞ በ1939 እ.ኤ.አ. ሆስፒታል ገባ፤ በ1943 እ.ኤ.አ. እዚያው አረፈ። ታዲያ የ1908ቱ ታሪክ ውሸት ነበር? በፍጹም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሠርቷል፤ የብዙ ሺሕ ሰዎችን አያያዝ ለማሻሻል ታግሏል። ውሸት የሚሆነው እኛ «አንዴ ዳነ፣ ለዘላለም ዳነ» የሚል ማኅተም ብንመታበት ነበር። ስብስባችን ያንን ማኅተም ከጠየቀ፣ ሕመሙ የተመለሰበት ባለታሪክ በሕመሙ ላይ ኀፍረት ይጨመርበታል፤ ስብስቡን ያዋረደ ይመስለዋል። ከዚያ በኋላ ሐኪም ዘንድ ከመሄድ መደበቅን ይመርጣል።

ሌላም አለ። ከቡታጅራዎቹ ዘመዶች 65 ከመቶው የመረጡት መፍትሔ ጸሎትን ነበር። እንግዲህ ባለታሪካችን ጠዋት ጠበል ተጠምቆ ማታ ኪኒኑን የዋጠ ሰው ሊሆን ይችላል። ሰብሳቢው የሳይንስ ሰው ነኝ ብሎ ጠበሉን፣ ወይም የሃይማኖት ሰው ነኝ ብሎ ኪኒኑን ከታሪኩ ቆርጦ ቢጥል፣ የሚተርፈው የሰብሳቢው ታሪክ እንጂ የባለታሪኩ አይደለም። እርግጥ «መድኃኒቴን ጥዬ ዳንኩ» የሚል ታሪክ ቢመጣ አንባቢው ሐኪሙን ሳያማክር መድኃኒት እንዳያቋርጥ ከሥሩ ማስታወሻ ይጻፍ። ማስታወሻው የእኛ ነው፤ ቃሉ ግን የእርሱ ይሁን።

ከኤች አይ ቪ ዘመን የሚቀር ትምህርት

ቂርቆስ ክፍለ ከተማ ሕመምን በአደባባይ የመናገር ጉዳይ እንግዳ አይደለም። እዚሁ የሚገኘው የዘውዲቱ መታሰቢያ ሆስፒታል በአገሪቱ የፀረ ኤች አይ ቪ ሕክምና ቀድመው ከጀመሩት አንዱ ነው። መድኃኒቱ በነፃ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ግን እንደ መቅድም ኢትዮጵያና እንደ ተስፋ ጎህ ባሉ ማኅበራት ዙሪያ የተሰባሰቡ ሰዎች፣ ቫይረሱ በደማቸው እንዳለ በገዛ አንደበታቸው መመስከር ጀምረው ነበር። ያ ምስክርነት ለበሽታው የሰው ፊት ሰጠው። የዚያ ዘመን ተማሪ የነበረ ሰው፣ ከፖስተሩ ይልቅ ፊቱ ቆሞ የተናገረውን ሰው ያስታውሳል።

ከዚያ ዘመን ሁለት ነገር እንማር። አንደኛው፣ ያን ጊዜ ሲመሰክሩ ብዙ ዕድሜ እንዳላቸው ያላሰቡ ሰዎች ነበሩ። መድኃኒቱ ደርሶላቸው የኖሩ አሉ፤ ወለዱ፣ ልጆቻቸው ትምህርት ቤት ገቡ። የተናገሩት ቃል ግን አብሯቸው ኖረ። ለአንድ ቀን የተሰጠ ፈቃድ ለሃያ ዓመት ሠራ ማለት ነው። ልጁ በክፍል ጓደኛው «የእናትህን ነገር ሰማን» ቢባል ያንን ፈቃድ ማን ሰጠው? የአእምሮ ሕመም ታሪክም እንደዚሁ ከተናጋሪው ዛሬ ያልፋል።

ሁለተኛው፣ ስለ አቀራረብ ነው። በ1990ዎቹ ዓ.ም. ማብቂያ ላይ «ቤተኛ» የሚባል የሬዲዮ ዝግጅት ነበር። ከቫይረሱ ጋር የሚኖሩ ሰዎች የዕለት ኑሯቸውን እንደ ማስታወሻ ደብተር በየሳምንቱ በራሳቸው ድምፅ ያቀርቡ ነበር። ስሙን እዩት፤ ቤተኛ ማለት የቤት ሰው እንጂ እንግዳ አይደለም። የአንድ ቀን እንባ አስለቅሶ የሚያበቃ ዝግጅት አልነበረም። ሥራ መፈለግ፣ መዋደድ፣ መጣላት፣ መሳቅም ነበረበት። አድማጩ «ምስኪን» ብሎ ከማለፍ ይልቅ «ታዲያ የሚቀጥለው ሳምንት እንዴት ሆነ?» ብሎ ጠየቀ። የእኛም ስብስብ ከዚህ ቢማር ይበጀዋል። አንድ ሰው አንድ ጊዜ ተናግሮ የሚዘጋበት ከሚሆን፣ በየጊዜው እየተመለሰ የሚጨምርበት፣ የሚያርመው፣ ሲፈልግም የሚያወጣው ቢሆን።

ካዛንቺስ ሲበተን

አሁን ወደ ሠፈራችን እንምጣ። ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው በወረራው ጊዜ ጣሊያኖች ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ካሠሯቸው ቤቶች ነው፤ «ካዛ» ቤት ነው፣ «ኢንቺስ» ደግሞ ቤቶቹን ያሠራው ድርጅት አጭር ስም። በ1961 እ.ኤ.አ. የአፍሪካ አዳራሽ አጠገቡ ተመረቀ። ከትልልቁ ሕንፃ ጀርባ ግን ጉርብትና፣ ዕድርና ቡና የሚያስተሳስረው የጭቃ ቤት መንደር ለብዙ ዘመን ኖረ። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በኮሪደር ልማቱ ምክንያት ብዙው ሠፈር ፈርሶ ነዋሪው ወደ ከተማዋ ዳርና ወደ ሌሎች ሠፈሮች ሄደ። መፍረሱ ትክክል ነበር አልነበረም የሚለው የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ አይደለም። ስለ ታሪክ የሚያስተምረን ግን አለ።

በድሮው መንደር የታመመ ሰው ታሪክ የሚጠበቀው በጎረቤት አእምሮ ውስጥ ነበር። ማን መቼ እንደታመመ፣ ማን እንዳስታመመው፣ ሲነሳበት ምን እንደሚያረጋጋው ጎረቤት ያውቃል። ያ ዕውቀት አንዳንዴ ጥበቃ ነበር፤ ሌሊት ወጥቶ ቢሄድ መንገድ ላይ ይዞ የሚመልሰው አይጠፋም። አንዳንዴ ደግሞ ወህኒ ነበር፤ ከታመመ አሥራ አምስት ዓመት ያለፈው ሰው በተቆጣ ቁጥር «ሊነሳበት ነው» ይባላል። መንደሩ ሲበተን ሁለቱም አብረው ተበተኑ። ስለዚህ ከተነሡት ውስጥ ጥበቃው የቀረባቸው ሰዎች ሊኖሩ ይችላሉ፤ ታሪካቸውን የሚያውቅላቸው የለም። በአዲሱ ሠፈር ማንም ስለማያውቃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ማንኛውም ሰው የሚታዩም ሊኖሩ ይችላሉ።

እንግዲህ ሰብሳቢዎች ሆይ፣ «የካዛንቺስ ሰዎች ታሪክ ሳይጠፋ እንድረስ» ብላችሁ ወረቀትና መቅጃ ይዛችሁ ስትነሡ፣ ለመጀመሪያው ሰው ውለታ ትውላላችሁ። ሁለተኛውን ግን ጥሎት የመጣውን ስም ተከትላችሁ ታደርሱለታላችሁ። የጎረቤት ወሬ ጎረቤት ሲበተን ይከስማል፤ ወረቀት አይከስምም። አሁን ደግሞ በስልክ ፎቶ ተነሥቶ ከሰው ወደ ሰው ይሄዳል። የትኛው ሰው የትኛው እንደሆነ እናንተ ከውጭ ልታውቁ አትችሉም። የሚያውቀው ባለታሪኩ ብቻ ነው። ዛሬ የሚያውቀውም ለዛሬ ነው፤ የዛሬ ሦስት ዓመት መልሱ ሊለወጥ ይችላል። ታሪኩን የመመለስ መብት የሌለበት ስብስብ አይዘጋጅ ያልኩበት ዋናው ምክንያት ይህ ነው።

በእኛ ግቢ ደግሞ

እኛ ዘንድ ያለው አደጋ ለየት ይላል። መምህር በባሕላችን ይከበራል፤ ይፈራልም። አንድ አሠልጣኝ ሠልጣኙን «ልጄ፣ ያንተን ታሪክ ብትጽፍልን እኮ ብዙ ሰው ይማርበታል» ቢለው፣ ያ ሠልጣኝ እምቢ ማለት ይችላል ወይ? ማርኩ በዚያ ሰው እጅ ነው። የመስክ ልምምድ ምደባውንም ያስባል። «እሺ የኔታ» ይላል። ያ እሺታ ፈቃድ አይደለም።

የሰሚውም ነገር አለ። እነዚያው የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ታሪክ እንደሚጎዳም ጽፈዋል። የሌላውን ብርቱ ስኬት ያነበበ ሰው «እኔ ለምን አልቻልኩም?» ብሎ ሊያዝን ይችላል። ምግብ የመተው ሕመም ያለበት ሰውም በታሪኩ ውስጥ የሰማውን ዘዴ ራሱ ላይ ሊሞክር ይችላል። ስለዚህ «ታሪክ ነው፤ ምን ይጎዳል?» የሚለው አነጋገር አያስኬድም። በኔፓል ደግሞ ያገገሙ ሰዎች ራሳቸው ባነሷቸው ፎቶግራፎች እየታገዙ በጤና ሠራተኞች ሥልጠና ላይ ታሪካቸውን ያቀርባሉ። ልብ የሚባለው ግን እንዴት እንደሚናገሩ፣ የቱን እንደሚናገሩና የቱን ለራሳቸው እንደሚያስቀሩ አስቀድመው የሚዘጋጁበት ጊዜ የሚሰጣቸው መሆኑ ነው። ድንገት መድረክ ላይ ወጥተው «እስቲ ንገሩን» አይባሉም።

ሕጉም አለ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት ይመድበዋል፤ ፈቃድ የሰጠ ሰውም ፈቃዱን ማንሣት እንደሚችል ይደነግጋል። «ለመልካም ዓላማ ነው» የሚለው ከሕጉ ነፃ አያወጣንም።

እንግዲህ ምን ይደረግ?

ስብስቡ ከተጀመረ እነዚህ ነጥቦች መነሻ ይሁኑ እላለሁ።

1. ማርክ የሚሰጥ ሰው ታሪክ ጠያቂ አይሁን። አሠልጣኝ ከሠልጣኙ፣ አለቃ ከሠራተኛው አይጠይቅ።

2. ፈቃድ አንዴ ብቻ አይጠየቅ። ከመናገሩ በፊት፣ የተጻፈው ተነቦለት ካረመ በኋላ፣ ከዚያም በየዓመቱና ለአዲስ ጥቅም በዋለ ቁጥር ይጠየቅ።

3. ባለታሪኩ «መልሱልኝ» ሲል ምክንያት ሳይጠየቅ ይመለስለት። ይህ እንዲቻል ቅጂው ጥቂት ይሁን፤ ተቆጥሮ ይቀመጥ፤ ከቤተ መጻሕፍቱ ክፍል አይውጣ።

4. ስም መቀየር ብቻ በቂ ነው አይባል። «ካዛንቺስ ሻይ ቤት የነበራት የሦስት ልጆች እናት» ተብሎ ከተጻፈ በኋላ ስሟን ማንሳት ምን ይፈይዳል? የሚያስለየውን ሁሉ ከባለታሪኳ ጋር ተቀምጦ ማጥራት ነው። በስሜ ይውጣ የሚል ካለ ግን፣ መክሮበት ከሆነ፣ መብቱ ነው።

5. በአንድ ሰው ታሪክ ውስጥ ሌሎችም አሉ። እናቱ፣ የፈታችው ሚስቱ፣ ያሰረው ወንድሙ። እነርሱ አልተጠየቁም። ይህን ባለታሪኩ ራሱ እንዲያስብበት ይረዳ።

6. ያላለቀ ታሪክ ይግባ፤ ሕመሙ የተመለሰበትም ይግባ። ሰብሳቢው ማብቂያ አይፍጠር፤ ቋንቋም አያሳምር።

7. ራስን የመጉዳት ዘዴ በዝርዝር አይጻፍ። አንብቦ ለከበደው ሰው ወዴት መሄድ፣ ማንን ማነጋገር እንደሚችል በጥራዙ መጀመሪያ ላይ ይጻፍ።

8. የሚገባውንና የማይገባውን ከሚመርጡት መካከል በሕመሙ ውስጥ ያለፉ ሰዎች ይኑሩበት፤ ለስም ሳይሆን የመወሰን ድምፅ ኖሯቸው።

ዘጠነኛ ልጨምር ብዬ ነበር፤ ለብቻው ልበለው። እነዚህ ታሪኮች እዚህ ግድግዳ ላይ አይለጠፉ። የግድግዳ ጋዜጣ ለሐሳብ፣ ለክርክር፣ ለግጥምም ጥሩ ነው። ነገር ግን እዚህ የቆመ ሰው ማን አጠገቡ ሆኖ እንደሚያነብ አይመርጥም። አንባቢው ሲስቅ ባለታሪኩ ከኋላው ቆሞ ሊሰማ ይችላል። ከቤተ መጻሕፍት ጠይቆ፣ ተቀምጦ የሚያነብ ሰው ግን ቢያንስ ለማንበብ አስቦ የመጣ ነው።

«ይህ ሁሉ ቁጥጥር ካለበትማ ማን ይናገራል? ስብስቡ ባዶ ይቀራል» የሚሉ ይኖራሉ። ክርክሩ ዋዛ አይደለም። ጥንቃቄ ሲበዛ ዝምታን እንደሚያግዝ አውቃለሁ፤ ዝምታው ደግሞ ያንን የስድብ ልማድ ያቆየዋል። መልሴ ግን ይህ ነው። ሰው የሚናገረው በር ስለተዘጋበት ሳይሆን መውጫ እንዳለ ሲያውቅ ነው። የሰጠሁትን እመልሳለሁ ብሎ የተማመነ ሰው ይሰጣል። አምስት ታሪክ በደንብ ተይዞ ቢቀመጥ፣ ሃምሳ ታሪክ ተነጥቆ ከሚከማች ይበልጥ ያስተምራል። ደግሞም መምህር ለመሆን የሚሠለጥን ሰው ከስብስቡ ይዘት እኩል ከአሰባሰቡ ይማራል። ነገ በክፍሉ ውስጥ አንድ ተማሪ ቀርቦ «መምህር፣ አባቴ ታሟል» ሲለው፣ ያንን ቃል ወዴት እንደሚያኖረው፣ ለማን እንደሚናገርና ለማን እንደማይናገር፣ ልጁን ሳይጠይቅ ምን ማድረግ እንደሌለበት ከዚህ ይለምዳል። ለእኔ የስብስቡ ትልቁ ጥቅም ይህ ነው።

በመጨረሻ ለእናንተ፣ ይህን እያነበባችሁ የራሳችሁን ወይም የቤታችሁን ነገር ለምታስቡ ሠልጣኞችና ባልደረቦች፤ ማንም ታሪክ የመስጠት ዕዳ የለበትም። መናገር መብት ነው፤ ዝም ማለትም መብት ነው። ሕክምና መፈለግ ግን በሁለቱም መንገድ ይቻላል፤ ለሐኪም የተነገረ ለአደባባይ አልተነገረም። በነጥቦቹ ላይ የምትጨምሩ፣ የምትቀንሱ፣ የምትቃወሙም ካላችሁ ለሚቀጥለው እትም ጽፋችሁ ለአዘጋጆቹ ስጡ። ስብስቡ ከመጀመሩ በፊት በግልጽ ብንከራከርበት ይሻላል።

ከአንድ አሠልጣኝ